እንጨቱ ሲቀጥን

ልጅ ሳለሁ ወፍራም ነገር ሁሉ ጥሩ ይመስለኝ ነበር። ወፍራም ጋቢ ይሞቃል፤ ወፍራም ዳቦ ያጠግባል፤ ወፍራም ሴት ስታልፍ የሰፈሩ ሰው ከመቀመጫው ተነሥቶ ሰላም ይላታል። ስለዚህ አባቴ ለመውሊድ የሚሠራትን ድቤ ገላዋን ወፍራም አድርጎ ሲተዋት በኩራት ልፈነዳ ምንም አልቀረኝም። ለጎረቤታችን ልጅ ለየኔአለም «የአባቴ ድቤ እንደ ግንብ ወፍራም ናት፤ የአባባ ሳሊህን ድቤ ድራሹን ነው የምታጠፋው» ብዬ ምዬ ተገዝቼ ነገርኳት። የኔአለም አባቷ የመንግሥት ጸሐፊ ስለሆነ ሁሉን የምታውቅ የሚመስላት ልጅ ነበረች። ስለ ድቤ ግን ምንም አታውቅም። እኔም አላውቅም፤ ልዩነታችን እኔ የጠራቢ ልጅ ሆኜ አለማወቄ ነበር።

ጊዜው ጣሊያን ከመቀሌ የወጣ ሰሞን ነው። አባቴ አብዱልወሃብ ሙቀጫም፣ ገበታም፣ የአልጋ እግርም ይሠራ ነበር፤ ስሙ የተጠራው ግን በድቤ ነው። ሙያውን ያስተማሩት አባባ ሳሊህ ናቸው። አባቴ ወላጆቹ በበሽታ አልቀውበት ከወሎ ሲሰደድ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነበር። እሳቸው አንስተው አሳደጉት፣ መሮ አስጨበጡት፣ ኋላም የእህታቸውን ልጅ ኡሙሀኒን ዳሩለት። ኡሙሀኒ እናቴ ናት። አባባ ሳሊህ የራሳቸው ልጅ አልነበራቸውም፤ ቤታችን ሲገቡም አንኳኩተው አያውቁም። ገና ከበሩ «ነይ ጣይባ!» ብለው ከኪሳቸው አዲስ እሽክርክሪት ያወጣሉ። «ይቺ ከወይራ ናት፤ የትናንቷን በሩጫ ትቀድማታለች» ይሉኛል።

አባባ ሳሊህ ግራኝ ነበሩ። ይህን ያወቅሁት ሲበሉ አይቼ አይደለም፤ ሲበሉማ በቀኛቸው ነው። ያወቅሁት ከድቤ ሆድ ውስጥ ነው። ተፈልፍሎ ቆዳ ያልለበሰ ቀፎ ባገኘሁ ቁጥር ጭንቅላቴን ከትቼ መጮህ እወድ ነበር። ውስጡን የመሮ ጠባሳ ሞልቶታል፤ የአባቴ ጠባሳ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ የአባባ ሳሊህ ወደ ግራ። የማን ሥራ እንደሆነ ሳልጠይቅ አውቅ ነበር።

በጣሊያን ጊዜ ለመንገድ ሥራ ተይዘው ድንጋይ ሲፈልጡ ከከረሙ ወዲህ ግን እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ውሃ ሲጠጡ ጣሳው ጥርሳቸውን ይመታል። ደንበኛውም ቀስ በቀስ ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ «መጀመሪያ አባባን ጠይቁ» እያለ ይሸኛቸዋል፤ እነሱም በሰፈሩ ዞር ዞር ብለው ተመልሰው እሱው ዘንድ ይመጣሉ። ይህንንም አባባ ሳሊህ ያዩ ነበር።

የወሎ ሰዎች መውሊድ የሚያከብሩበት ቤት ትልቁ ድቤ በጣሊያን ዘመን ተሰንጥቆ ነበር። የመንዙማው መሪ ሼህ ይማም «አዲስ ይሠራ» አሉ። ከከተማው ውጭ ከዓይናለም መንደር ማዶ አንድ የደረቀ የዋንዛ ግንድ ተገኘ። ያመጣው ባለግመል «ኣውሒ እዩ! ጽቡቕ ዕንጨይቲ!» እያለ ደጃችን ላይ አራገፈው። ዋንዛን በትግርኛ ኣውሒ ይሉታል፤ ጥሩ እንጨት ነው ማለቱ ነበር። አባባ ሳሊህ ግንዱን በጣታቸው አጥንት አንኳኩ፣ ጆሯቸውን አስጠጉ፣ ደግመው አንኳኩ።

«ወይራ ይጮኻል እንጂ አይናገርም» አሉኝ። ከትልቅ ሰው ይልቅ ለእኔ ማውራት ይወዱ ነበር። «ጥድ ደግሞ መጀመሪያ ያምራል፣ ኋላ ተሰንጥቆ ይከዳል። ሆድ ያለው ዋንዛ ነው። እሱም ቢሆን ካላቀጠንሽው አያወራሽም። እንጨቱ ሲቀጥን ድምፁ ይወፍራል።»

«ከቀጠነማ ይሰበራላ!»

«ሙያው እሱ ነዋ» ብለው ሳቁ። «ሊሰበር ሲል መተው።»

ቀጥኖ የሚወፍር ነገር አይቼም ሰምቼም ስለማላውቅ፣ ሰው ሲያረጅ እንዲህ ነገር ይምታታበታል ብዬ አዘንኩላቸው።

ግንዱ ለሁለት ተቆረጠና ግማሹ ለአባባ ሳሊህ፣ ግማሹ ለአባቴ ተሰጠ። ቆዳውም ለሰደቃ ከታረደ ከአንድ በሬ ነው፤ እሱም ለሁለት ተከፈለ። ድምፁ ያማረው «ትልቁ ድቤ» ተብሎ ከመንዙማው መሪ ጎን ይቀመጣል፤ ሌላው ለሴቶቹ ክፍል ይሆናል። ቁም ነገሩ ግን ዱዓው ነበር። በዚያ ቤት ልማድ በየዓመቱ በመውሊድ ቀን፣ ትልቁ ድቤ ከመመታቱ በፊት፣ የሠሪው ስም ተጠርቶ ዱዓ ይደረግለታል፤ በሕይወት ቢኖርም፣ ቢሞትም። ልጅ ላለው ሰው ይህ ክብር ነው። ልጅ ለሌለው ሰው ግን ስሙን ከአፈር በላይ የሚያቆይለት ሌላ ምንም ነገር የለም። ያኔ ይህን ማንም አላስረዳኝም። ለእኔ ነገሩ እሽቅድምድም ነበር፤ የእኔ አባት ደግሞ መቅደም ነበረበት።

አባቴ ጓሯችን ውስጥ ከግራሩ ሥር ተቀምጦ ይፈለፍላል። አውራ ጣቱን ከውስጥ፣ ሌባ ጣቱን ከውጭ አድርጎ የቀፎውን ከንፈር እየቆነጠጠ ውፍረቱን ይለካል፤ ደግሞ ይፈለፍላል። የእሱ መሮ ሲያርፍ ከአጥሩ ማዶ የአባባ ሳሊህ መዶሻ ይሰማናል። ጠቅ ጠቅ ይልና ይቆማል። ለረጅም ጊዜ ጸጥ ይላል። ከዚያ እንደገና ጠቅ ይላል፣ ጉልበት የከዳው ሰው እንደሚመታው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ ያንን ጸጥታ አንገቱን ደፍቶ ሲያዳምጥ ቆየና መሮውን በጨርቅ ጠቀለለው።

«አለቀች?» አልኩት።

«አለቀች።»

እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጥታ ቀፎውን ቆነጠጠች። የጠራቢ እህት ልጅ፣ የጠራቢ ሚስት ናት፤ ጣቷ ያውቃል። «ምን አለቀች ትላለህ? ገና ጣት ሙሉ ይቀራታል እኮ!»

«አለቀች አልኩሽ፣ ኡሙሀኒ።»

እናቴ አየችው፣ ወደ አጥሩም ማዶ አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ያውቁብሃል» አለችው።

«እንደዚያ እየተንቀጠቀጡ በምን ያውቁብኛል? ስማቸው ይጠራ፤ ሌላውን ሆድ ይፍጀው።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት «ያውቁብሃል» የሚለውን ብቻ ነው። አባቴ አባባ ሳሊህ የማያውቁት የማሸነፊያ ዘዴ አግኝቷል ማለት ነው! ዘዴውም ማወፈር ነው። ወደ የኔአለም የሮጥኩት ያን ጊዜ ነው።

የመውሊዱ ዕለት ከዙህር ሶላት በኋላ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። የቤቱን ቁልፍ የሚይዙት እትዬ ዘኪያ ሁለቱን ድቤዎች ፀሐይ ላይ አሙቀው አመጧቸው። ሼህ ይማም መጀመሪያ የአባባ ሳሊህን መቱት። ድም አለ፤ ደረቴ ውስጥ ሲገባ ተሰማኝ። «ማሻአላህ» ተባለ። ከዚያ የአባቴን መቱ። ጥፍ አለች። ድጋሚ መቱ፤ ጥፍ፣ ጥፍ፣ በቡሖ ላይ በጥፊ እንደ መምታት። ከወዲያ ጥግ አንዱ ሳቀ። «አብዱልወሃብ፣ ምነው? ሙቀጫ ላይ ነው እንዴ ቆዳ የወጠርከው?» አለ ሌላው። ሳቁ ቤቱን ዞረ። አባቴም አብሮ ሳቀ፤ ይህን አልረሳውም። ለአባባ ሳሊህ ዱዓ ሲደረግ ከሁሉም በላይ ጮኾ «አሚን» ያለው እሱ ነበር።

አባባ ሳሊህ ግን አልሳቁም። የአባቴን ድቤ ትክ ብለው ያዩ ነበር። ድላቸው ያኮራቸው መስሎኝ አንጀቴ አረረ።

በማግሥቱ ሳያንኳኩ ገቡ። እሽክርክሪት ግን አልያዙም። አልተቀመጡም።

«ምን ያህል ተውክበት?» አሉት አባቴን።

«ምኑን አባባ?»

«አትሸፍጠኝ። ጣት ሙሉ ነው አይደል?»

አባቴ መሬት መሬት አየ። «አባባ፣ እኔ እኮ አንቱን ብዬ...»

«የሚንቀጠቀጠው እጄ ነው፤ ጆሮዬ አይደለም! አብዱልወሃብ፣ እኔ ከበርህ ቆሜ ምጽዋት ስጠኝ ብዬህ አውቃለሁ? የገዛ ስሜን መጽውተህ ነው የምትሰጠኝ? አሁን በየዓመቱ አላህ ፊት ሲጠራ የሚኖረው የውሸት ስሜ ነው።»

እናቴ እግራቸው ላይ ወደቀች። አባቴ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ወደ ኋላ ሸሹ። በአጠገቤ ሲያልፉ እጃቸው እንደ ልማዱ ራሴን ሊዳብስ ተነሣና ተመልሶ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ቤታችንን አልረገጡም።

እኔ ደግሞ የገባኝ እንዲህ ነው። ሽማግሌው አሸንፎ ጠገበ፤ ጆሮዬ ብርቱ ነው እያለ ጉራውን ሊነዛ መጣ፤ ያልተለመነ ምጽዋት እያነሣ አባቴን ሰደበው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቤ አንቱታውን ነፈግኳቸው። መንገድ ላይ ሳገኛቸው ፊቴን አዞራለሁ። እሳቸው ቆም ይላሉ፣ ያዩኛል፣ ያልፋሉ። ዛሬ ያችን አቋቋማቸውን ሳስባት የምገባበት ይጠፋኛል።

አባቴ ሽማግሌ ለመላክ ደጋግሞ አስቦ «መጀመሪያ ንዴታቸው ይብረድ» እያለ ተወው። እሳቸውም እናቴን፣ ምግብ ስትወስድላቸው፣ «ደህና ነው?» ይሏታል፤ ስሙን ግን አይጠሩም። ያ ይምጣ፣ ይሄ ይምጣ ሲባባሉ ወራት አለፉ።

የሚቀጥለው መውሊድ ሊደርስ ሲል፣ እናቴ ለእትዬ ዘኪያ ወንፊት አድርሺ ብላ ላከችኝ። የመውሊዱ ቤት በር ገርበብ ብሏል። አጮልቄ ሳይ አባባ ሳሊህ መሬት ተቀምጠዋል። የአባቴ ድቤ በጉልበታቸው መካከል ናት፤ ቆዳዋ ተገፏል። መሮ ይዘው ሆድዋን ይፍቃሉ። ጥቂት ፍቀው እጃቸው እስኪረጋ ግድግዳ ተደግፈው ይጠብቃሉ፤ ግንባራቸውን ላብ አጥምቆታል። ከእግራቸው ሥር ፍቅፋቂው ተከምሯል። ወንፊቱን በሩ ላይ ጥዬ ነፍሴ እስክትወጣ ሮጥኩ።

«እማ! የአባን ድቤ እየሰበራት ነው! ማሸነፉ አልበቃው ብሎ!»

እናቴ አፌን በእጇ ያዘችው። አባቴ ጓሮ ነበር። «ለአባትሽ እንዳትነግሪ» አለችኝ። «ሽማግሌ ናቸው፤ ንዴታቸው በእንጨት ላይ ቢወጣ ይሻላል። አባትሽ ከሰማ ልቡ ይሰበራል።» እናቴ ቂም የምታበርድ መስሏት ነው። የደበቀችው ምን እንደሆነ ሳታውቀው ሞተች።

አባባ ሳሊህ ያን መውሊድ አልደረሱበትም። ሳል ጀመራቸው፣ አልጋ ያዙ፣ አባቴ ሲሰማ ነጠላውን ሳያጣፋ ሮጠ፤ ሲደርስ ተከድነው ነበር። ቃሬዛውን ከቤት እስከ መቃብር ትከሻ ሳይቀይር ተሸከመ። ሲመለስ ድቤ የሚፈለፍልበትን ረጅሙን መሮ ከእጀታው ነቅሎ ጣለው። ከዚያ በኋላ ድቤ አልሠራም። መውሊድ በመጣ ቁጥርም ገና ፀሐይ ስትወጣ እንጨት ላይ ብሎ ወደ ዓይናለም ይሄዳል፣ ዱዓውም መንዙማውም ካበቃ በኋላ ባዶ እጁን ይመለሳል። መሸነፉ እንደ ቆረቆረው ይኖራል እያልኩ አደግኩ። ለካ ያን ስም ሲጠራ መስማት አይችልም ነበር።

አድጌ፣ ባል አግብቼ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሴቶቹ ክፍል ስቀመጥ የአባቴን ድቤ ሰማኋት። ያቺ ጥፍ ጥፍ ትል የነበረች ድቤ ሆድ የሚያባባ ድምፅ አውጥታለች። ከጎኔ ያሉት ሴቶች «እንጨት ሲሰነብት ልቡን ይከፍታል» አሉኝ፤ እኔም አመንኩ። በልጅነት በበሩ ስንጥቅ ያየሁት ነገር ትዝ እንኳ አላለኝም። ወደ አባቴ በደስታ ሄድኩ። የአልጋ እግር እየላገ ነበር።

«አባ፣ ድቤህ ዛሬ ጉድ አደረገችን! ሼህ ይማም ሳይቀሩ ጆሯቸውን ወደ እኛ ነው የጣሉት።»

ፈገግ አለ፤ ቀና ግን አላለም። «ልጄ፣ አታባብይኝ።»

«ወላሂ ነው የምልህ አባ! መጥተህ ስማት።»

«የሠራኋት እኔ ነኝ፤ ምን እንዳስቀረሁባት አውቃለሁ። ሰውን ማባበል እኔም አንዴ ሞክሬ አይቼዋለሁ» ብሎ ወደ እንጨቱ ተመለሰ። እኔም ካልፈለገ ይቅር ብዬ ሄድኩ። ይኸው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ድቤዋ አንሥተን አናውቅም። አባቴ የሞተው እኔ ሁለተኛ ልጄን በወለድኩ ዓመት ነው፤ አላህ ይርሐመው።

ከሞተ ከዓመታት በኋላ የድቤዋ ቆዳ ተቀደደ። የጠራቢው ልጅ ሆኜ ማን ያሠራት? ረታ የሚባል ወጣት አናጢ ዘንድ ወሰድኳት። ጠፍሩን ፈትቶ፣ ቆዳውን ገፎ፣ ወደ ውስጥ አየና ጠራኝ።

«እትዬ ጣይባ፣ ይህን የሠራው ሁለት ሰው ነው እንዴ?»

በስተርጅናዬ፣ በሰው ፊት፣ እንደ ልጅነቴ ጭንቅላቴን ከተትኩ። ከጠባቡ አፍ አጠገብ፣ መሮ በደንብ ከማይደርስበት፣ ወደ ቀኝ ያዘነበሉ ጥልቅ የአባቴ ጠባሶች ጥቂት ቀርተዋል። ሌላው ሆድዋ በሙሉ ወደ ግራ ያዘነብላል። ጠባሶቹ አጫጭር ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ይንቀጠቀጣሉ። ጣቴን ሳንቀሳቅስባቸው ያ የእጅ መንቀጥቀጥ ወደ ክንዴ መጣ። ከንፈሩን በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ቆነጠጥኩት። በልጅነቴ ከማውቀው ከአባባ ሳሊህ ከራሳቸው ድቤ ይቀጥናል። ለገዛ ሥራቸው ያልደፈሩትን ለአባቴ ደፍረውታል፤ ሊሰበር ሲል ትተውታል።

እትዬ ዘኪያ ያን ጊዜ ዓይናቸው ጠፍቶ ልጃቸው ቤት ተቀምጠው ነበር። ሄጄ ነገርኳቸው። «አባባ ሳሊህ ወላሂ አስብለውኝ ነው» አሉ። «‹በሰው አፍ እንዳይሰማው፤ በመውሊድ ቀን በጆሮው ይስማት፣ ያኔ ይገባዋል። ስሙን መልሼለታለሁ› ነው ያሉኝ። እኔም በየዓመቱ ዛሬ ይመጣል ብዬ በሩን አይ ነበር። አልመጣም። መሐላው ታስሮብኝ ምን ላድርግ ልጄ? ምን ላድርግ?» እጃቸውን ይዤ አብረን አለቀስን። አባቴ መምህሩን ሊያከብር ደበቀ፤ እናቴ አባቴን ልታድን ደበቀች፤ እትዬ ዘኪያ ለመሐላ ብለው ደበቁ። ክፉ ሰው እንኳ አልነበረብንም። ክፉ ሰው ቢኖርብን ኖሮ አንድ ቀን ተጣልተን እንነጋገር ነበር።

ረታ «ውስጡ ሸካራ ነው፤ ላለስልሰው?» ሲለኝ «እንዳትነካው!» ብዬ ጮኽኩበት። ልጁ ደነገጠ። ቆዳው ሲወጠር አጠገቡ ቆሜ፣ የሁለቱ እጅ እንደገና ጨለማ ውስጥ አንድ ላይ ሲዘጋ አየሁ።

በመውሊዱ ቀን ለአባባ ሳሊህ ዱዓ ተደረገ፤ ከልቤ አሚን አልኩ፣ አንቱታቸውንም መለስኩላቸው። ከዚያ ትልቁ ድቤ ተመታ፤ የእኛይቱም ከሴቶቹ ክፍል ተቀበለችው፤ ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸውና ተግባቡ። ድምፅዋ ከበሩ ወጥቶ ወደ ዓይናለም መንገድ ሲሄድ፣ ሰው ይሰማኛል ሳልል፣ «አባ፣ አላባበልኩህም ነበር» አልኩ።